እጅን ሰብስቦ መርዳት፦ የባሕር ኤሊዎችን የሚጠብቁ በጎ ፈቃደኞች ምን ይሠራሉ?

በዓለም ውቅያኖሶች ውስጥ ሰባት የባሕር ኤሊ ዝርያዎች ይገኛሉ። በኢትዮጵያ ከምትታወቀው የየብስ ኤሊ በተለየ፣ የእነዚህ እንስሳት እግር ወደ መቅዘፊያ የተለወጠ ሲሆን ዕድሜያቸውንም ከሞላ ጎደል በውሃ ውስጥ ያሳልፋሉ። ሴቲቱ ወደ የብስ የምትወጣበት ዋነኛ ምክንያት እንቁላሏን በአሸዋ ውስጥ ለመቅበር ነው። ይህ አጭር ቆይታ ለእንስሳዋ እጅግ አደገኛ፣ ለተመራማሪው ግን እጅግ ውድ ጊዜ ነው፤ በሰፊው ባሕር ላይ ሊቆጠር የማይችል ፍጥረት በአሸዋ ላይ ሊቆጠር ይችላልና።

በየዓመቱ በኮስታ ሪካ፣ በፍሎሪዳ፣ በግሪክ፣ በቆጵሮስና በሌሎችም አገሮች በርካታ በጎ ፈቃደኞች ወደ እነዚህ ዳርቻዎች ይሰማራሉ። ብዙዎቹ በአእምሯቸው ይዘውት የሚመጡት ምስል ተመሳሳይ ነው፤ ጫጩቶችን በእጅ አንሥቶ ወደ ባሕር መልቀቅ። ሥልጠናው ግን የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ አስቀድመው የሚማሩት መቼ እንደማይቀርቡ፣ ምን እንደማይነኩና የትኛውን መብራት እንደማያበሩ ነው። መቁጠርና መመዝገብ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ለመሆኑ በጎ ፈቃደኛው እጁን እንዲሰበስብ የሚያዘው ሳይንስ ምንድን ነው? እጁን ከሰበሰበ በኋላስ ምን ያበረክታል?

ውጤቱ ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚታይ ሥራ

አንዲት አረንጓዴ የባሕር ኤሊ በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች። በአንድ የመራቢያ ወቅት በሁለት ሳምንት ገደማ ልዩነት በተደጋጋሚ ወደ ዳርቻው ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ዓመታት ሳትታይ ልትቆይ ትችላለች። እንቁላሎቹ በአሸዋው ሙቀት ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ይፈለፈላሉ። እናቲቱ ጉድጓዱን ደፍና ከሄደች ልጆቿን ለመጠበቅ አትመለስም።

ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ለመራባት የሚበቁት በጣም ጥቂት ናቸው፤ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ከ1,000 አንድ ነው። ለዚህ የሚወስደው ጊዜም ከ20 እስከ 30 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። በሕይወት የተረፈችው ሴት እንቁላሏን ለመጣል ወደ ተፈለፈለችበት አካባቢ ትመለሳለች። የምድርን መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ለመለየት እንደምትጠቀምበት የሚያሳዩ ማስረጃዎችም ተገኝተዋል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ዛሬ በአንድ ዳርቻ ላይ የተሠራ መልካም ሥራም ሆነ የተፈጸመ ስሕተት ውጤቱ የሚታየው አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ ነው። ዘንድሮ ከአሸዋ የወጣችው ጫጩት አድጋ እንቁላል ለመጣል ስትመለስ የሚቀበላት ምናልባት ዛሬ ያልተወለደ ሰው ሊሆን ይችላል። ያ ሰው የሥራውን ውጤት ሊመዝን የሚችለው የዛሬው በጎ ፈቃደኛ በትክክል የተሞላ መዝገብ ከተወለት ብቻ ነው።

ከከብት ጆሮ ወደ ኤሊ መቅዘፊያ

እንዲህ ያለ መዝገብ ለረጅም ዘመን ከተያዘባቸው ቦታዎች ቀዳሚዋ በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ጠረፍ የምትገኘው ቶርቱጌሮ ናት። 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ጥቁር አሸዋማ ዳርቻዋ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ካሉት የአረንጓዴ የባሕር ኤሊ መራቢያዎች ትልቁ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ፕሮፌሰር አርቺ ካር እ.ኤ.አ. በ1955 ኤሊዎችን በመለያ ቁጥር መመዝገብ የጀመሩት በዚህ ስፍራ ነበር። በዚያ ዘመን ኤሊዎቹ ለሥጋቸውና ለእንቁላላቸው ይታደኑ ነበር፤ ከዳርቻው ከተለዩ በኋላ የት እንደሚኖሩ ግን በሳይንስ የተረጋገጠ ዕውቀት አልነበረም።

የመጀመሪያው ዘዴ ከሽፏል። መለያውን በጀርባ ቅርፊቱ ጠርዝ ላይ በሽቦ ማሰር ተሞክሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ ወንዱ በመራቢያ ጊዜ የሴቲቱን ቅርፊት አጥብቆ ስለሚይዝ መለያዎቹ እየተነቀሉ ጠፉ። መፍትሔው የተገኘው ከከብት እርባታ ነው። ለከብት ጆሮ የሚውለው የብረት መለያ በኤሊዋ የፊት መቅዘፊያ ላይ እንዲገባ ተደረገ። መለያውን ላገኘና ለመለሰ ሰው ሽልማት ይሰጥ ስለነበር፣ ከሩቅ ጠረፎች የዓሣ አጥማጆች መልእክት መምጣት ጀመረ። በዚህም በቶርቱጌሮ እንቁላል የጣሉ ብዙ ኤሊዎች በኒካራጓ ጠረፍ ባለው የባሕር ሣር ሲመገቡ እንደሚኖሩ ታወቀ።

የካርን ሥራ ለመደገፍ በ1959 የተቋቋመው ድርጅት ዛሬ ሲ ተርትል ኮንሰርቫንሲ በሚል ስም ይታወቃል። የቶርቱጌሮ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ1975 ተመሠረተ። ፕሮፌሰር ካር በ1987 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም ምዝገባው ቀጥሏል፤ በሥራውም ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ረዳቶች ይሳተፋሉ።

የሌሊቱ ቅኝት ሥርዓት የእንስሳዋን ጠባይ የተከተለ ነው። እናት ኤሊ ከባሕር ስትወጣና ጉድጓድ ስትቆፍር በቀላሉ ትደነግጣለች፤ ብርሃን ወይም እንቅስቃሴ ካየች እንቁላሏን ሳትጥል ልትመለስ ትችላለች። መጣል ከጀመረች በኋላ ግን በአካባቢዋ ለሚሆነው ነገር የምትሰጠው ምላሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ቡድኑ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ርቆ ይጠብቃል። መጣል ስትጀምር አንድ ሠራተኛ ከኋላዋ ሆኖ እንቁላሎቹን ይቆጥራል። መለያውን ማንበብ ወይም ማስገባት፣ ቅርፊቱንም በሜትር መለካት የሚከተለው ጥላ ስትጨርስ ነው። ብርሃን የግድ ካስፈለገ ደብዛዛ ቀይ መብራት ብቻ ይፈቀዳል፤ የስልክ ካሜራ ብልጭታ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በጎ ሐሳብ ብቻውን ሲሠራ

የባሕር ኤሊ ጥበቃ ታሪክ የስኬት ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ ከቶርቱጌሮ የተወሰዱ ብዙ ሺሕ ጫጩቶች በአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ወደ ልዩ ልዩ የካሪቢያን ጠረፎች ተጓጉዘው ተለቀቁ። ኤሊዎች የጠፉባቸው ዳርቻዎች እንደገና መራቢያ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። ሥራው የካርን የመሰለ ዕውቀትና የመንግሥት አቅም ቢኖረውም፣ የታሰቡት አዳዲስ መራቢያዎች በተጠበቀው መንገድ አልተመሠረቱም።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይበልጥ ያስተምራል። በበርካታ አገሮች የነበሩ ጠባቂዎች እንቁላሎችን ከሌባና ከአውሬ ለማዳን ከአሸዋው እያወጡ በስታይሮፎም ሣጥኖች ውስጥ ያስፈለፍሉ ነበር። ሣጥኑ ንጹሕ፣ ቀላልና ለቁጥጥር የሚመች ነው። ጫጩቶቹም በብዛት ይፈለፈሉ ስለነበር ሥራው የተሳካ መሰለ። ማንም ያላየው ነገር ግን በቴርሞሜትር የሚታይ ነበር፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ከአሸዋው በመጠኑ ዝቅ ያለ ነበር።

የባሕር ኤሊ ጾታ የሚወሰነው እንደ ሰው በውርስ አይደለም፤ እንቁላሉ በሚቆይበት ሙቀት ነው። ወንድና ሴት በእኩል መጠን የሚፈለፈሉት በ29 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከዚያ ከፍ ሲል ሴቶች፣ ዝቅ ሲል ወንዶች ይበዛሉ። የጫጩት ጾታ ደግሞ ከውጭ በማየት አይታወቅም። ኒኮላስ ምሮሶቭስኪና ቼስተር ኢንተማ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 ይህን ጉዳይ ከጥበቃ ሥራ ጋር አያይዘው አስጠነቀቁ። እንቁላልን ለማዳን የተደረገው ጥረት ሳይታወቅ እናት የሚሆኑ ሴቶችን ቁጥር ሊቀንስ ይችል ነበር።

ጉዳዩ በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ብቻ የቀረ አልነበረም። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚራባው ኬምፕስ ሪድሊ የተባለ ዝርያ በ1947 በተቀረጸ ፊልም ላይ በአንድ ቀን ብቻ 40,000 ያህል ሴቶች ወደ ዳርቻ ወጥተው እንደነበር ተገምቷል። በ1985 የተቆጠሩት ጎጆዎች ግን 702 ብቻ ነበሩ። ይህን ዝርያ ለማዳን ሜክሲኮና አሜሪካ ከ1978 ጀምሮ የተወሰኑ እንቁላሎችን በቴክሳስ ወደሚገኘው ፓድሬ ደሴት ወስደው ያስፈለፍሉ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተፈለፈሉት መካከል ወንዶች ያመዝኑ ነበር፤ የሙቀቱ ምስጢር ሲታወቅ የማስፈልፈያው ሙቀት ከፍ እንዲል ተደረገ።

በአንጻሩ ዛሬ የሚያሰጋው የአሸዋው መሞቅ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት ከአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል ከመጡ ወጣት አረንጓዴ ኤሊዎች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል።

እንቁላልን ማንቀሳቀስ ሌላም አደጋ አለው። ከተጣለ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ፅንሱ ከእንቁላሉ ውስጠኛ ሽፋን ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ ወዲያ እንቁላሉ ቢገለበጥ ፅንሱ ሊሞት ይችላል። ጫጩቶችን በባልዲ አቆይቶ ለጎብኚ ማሳየትም ጉዳት አለው። ጫጩት ከአሸዋ እንደወጣች ከእንቁላሉ አስኳል የተረፋትን ስንቅ ይዛ ያለ ዕረፍት ወደ ጥልቁ ባሕር መዋኘት ይጠበቅባታል። በባልዲ ውስጥ ስትንፈራገጥ የምታባክነው ይህንኑ ስንቅ ነው።

ዱካ ማንበብ

በፍሎሪዳ የሚሠራው የቆጠራ ሥራ የበጎ ፈቃደኛውን ድርሻ በግልጽ ያሳያል። ግዛቲቱ ከ1989 ጀምሮ በተመረጡ ዳርቻዎች አንድ ወጥ የሆነ ቆጠራ ታካሂዳለች። ቆጠራው በየዓመቱ ከሜይ 15 እስከ ኦገስት 31 ድረስ ለ109 ቀናት በየማለዳው ይከናወናል። ቀኑና የዳርቻው ወሰን የማይለዋወጠው የዘንድሮው ቁጥር ካለፉት ዓመታት ጋር ያለ ጥርጥር እንዲነጻጸር ነው። ቆጣሪዎቹ፣ በጎ ፈቃደኞችም ቢሆኑ፣ ሠልጥነው በግዛቲቱ የዱር እንስሳት ኮሚሽን ፈቃድ ሥር ይሠራሉ።

በማለዳ ኤሊዋ የለችም፤ ያለው ዱካዋ ነው። ሎገርሄድ የተባለው ባለ ትልቅ ራስ ዝርያ መቅዘፊያዎቹን እያፈራረቀ ስለሚሄድ ግራና ቀኙ የተፈራረቀ ዱካ ይተዋል። አረንጓዴዋ ኤሊ ግን ሁለቱን የፊት መቅዘፊያዎች በአንድ ላይ ስለምትስብ ዱካዋ ግራና ቀኙ ትይዩ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እንቁላል ጥላለች ወይስ ሳትጥል ተመልሳለች የሚለው ነው። ወደ ኋላ የተበተነ አሸዋና የተደፈነ ጉብታ ካለ ጎጆ መሆኑን ያመለክታል። ምልክቱ ከሌለ ደግሞ “ሳትጥል ተመልሳለች” ተብሎ ይመዘገባል። ይህም ራሱ መረጃ ነው፤ ባለ ዱካዎቹ ከጎጆዎቹ በልጠው ከተገኙ በዚያ ስፍራ መብራት፣ ወንበር ወይም ሌላ መሰናክል መኖሩን ሊጠቁም ይችላል።

የአንድ ጎጆ ሒሳብ

ጫጩቶቹ ከወጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ የተፈቀደላቸው ሠራተኞች ጎጆውን ቆፍረው ይመረምራሉ። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ በምሳሌ መመልከት ይቻላል። በአንድ ጎጆ ውስጥ 92 ባዶ ቅርፊቶችና 11 ያልተፈለፈሉ እንቁላሎች ተገኙ እንበል። ጠቅላላው 103 ነው። 92 ለ103 ሲካፈል የመፈልፈል ስኬቱ 89 በመቶ ያህል ይሆናል። በጉድጓዱ ውስጥ 4 በሕይወት ያሉና 3 የሞቱ ጫጩቶች ቢገኙ ግን በራሳቸው ወደ አሸዋው ገጽ የወጡት 85 ብቻ ናቸው። የመውጣት ስኬቱም ወደ 83 በመቶ ዝቅ ይላል።

በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ቁጥር ዝቅ ካለ ችግሩ በእንቁላሉ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ጎርፍ፣ ሙቀት ወይም አውሬ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው በጣም ካነሰ ደግሞ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው መውጫ አጥተዋል ማለት ነው፤ የጠጠረ አሸዋ ወይም የዛፍ ሥር ሊፈተሽ ይገባል። ቅርፊት የሚቆጥረው በጎ ፈቃደኛ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ይህ ትንተና ሁሉ ይዛባል።

መዝገቡ ሲናገር

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለው የአበው አባባል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። በፍሎሪዳ የቆጠራ ዳርቻዎች የአረንጓዴ ኤሊ ጎጆዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዝቅተኛ በነበሩበት ዓመት ከ300 በታች ነበሩ፤ በ2019 ግን ከ40,000 በላይ ሆኑ። የሎገርሄድ ጎጆዎች በአንጻሩ ከ1998 በኋላ ባሉት ዘጠኝ ዓመታት ከ40 በመቶ በላይ ቀንሰው፣ ከዚያ መልሰው አገግመዋል። የቁልቁለቱን ዓመታት ብቻ የቆጠረ ሰው ዝርያው እየጠፋ ነው ይል ነበር፤ የዳገቱን ብቻ ያየ ደግሞ ችግር አልነበረም ባለ። እውነቱን የያዘው ሳይቋረጥ የቆየው መዝገብ ነው።

በኦክቶበር 2025 በአቡ ዳቢ በተካሄደው የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጉባኤ ላይ አረንጓዴው የባሕር ኤሊ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መደብ ወጥቶ አሳሳቢነታቸው ዝቅተኛ ወደሆኑት መዛወሩ ተነገረ። ለዚህ ውሳኔ መሠረት የሆነው በብዙ አገሮች ዳርቻዎች ለአሥርት ዓመታት የተሰበሰበ ቆጠራ ነው። ይሁን እንጂ የምሥራቹ ለሁሉም ስፍራ አይሠራም፤ የጥበቃው ፈር ቀዳጅ በሆነችው በቶርቱጌሮ የጎጆዎች ቁጥር በቅርብ ዓመታት ማሽቆልቆሉ ተመዝግቧል። ቆጠራው ቀደም ብሎ “ተሳክቷል” ተብሎ ቢቆም ኖሮ ይህ መቀነስ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

ለመሳተፍ ለሚሹ

በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ አንባቢያን ይህን ሥራ በቅርብ ሊያገኙት ይችላሉ። በግሪክ ከ1983 ጀምሮ የሚሠራው አርኬሎን የተባለ ድርጅት በጎ ፈቃደኞችን ይቀበላል። በእስራኤል በሚክሞሬት የሚገኘው የባሕር ኤሊዎች ማዳኛ ማእከል በ1999 የተቋቋመ ሲሆን፣ በዚያ አገር ጠረፍ አደጋ የሚያሰጋቸው ጎጆዎች በሠለጠኑ ሰዎች ወደ ተከለሉ ስፍራዎች ይዛወራሉ። በኦማን ራስ አል ጂንዝ ደግሞ አረንጓዴ ኤሊዎች እንቁላል ሲጥሉ በመሪ ታጅቦ መመልከት ይቻላል።

በባሕር ማዶ በክፍያ የሚቀርቡ የበጎ ፈቃድ ጉዞዎችም ብዙ ናቸው። ምግብና መኝታ በራስ ወጪ መሸፈን የተለመደ ስለሆነ ክፍያ መጠየቁ ብቻውን ጥርጣሬ አያስነሣም። ከመመዝገብ በፊት ግን የሚከተሉትን መጠየቅ ይገባል።

፩. ድርጅቱ ከአገሩ መንግሥት ፈቃድ አለው? ያለ ፈቃድ የባሕር ኤሊን ወይም ጎጆዋን መንካት አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች በሕግ ያስቀጣል።

፪. የሚሰበሰበው መረጃ ለማን ይደርሳል? መዝገቡ ለተመራማሪና ለአስተዳደር የማይደርስ ከሆነ የሌሊቱ ድካም በአብዛኛው ፍሬ አልባ ነው።

፫. እንቁላሎች የሚዛወሩ ከሆነ በምን ምክንያት ነው? የአሸዋው ሙቀትስ ይለካል?

፬. ጫጩቶች እንደተፈለፈሉ ይለቀቃሉ ወይስ ለፎቶግራፍ ይቆያሉ?

፭. የመንደሩ ነዋሪዎች ከሥራው ይጠቀማሉ? በጎ ፈቃደኛው ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል፤ ዓመቱን ሙሉ ከዳርቻው ጋር የሚኖሩት እነሱ ናቸው።

ሥራው የአካል ብርታትም ይጠይቃል። በጨለማ፣ በለስላሳ አሸዋ ላይ፣ አንዳንዴም በዝናብ ለሰዓታት መጓዝ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ አንዲት ኤሊ ሳያዩ መመለስም ያጋጥማል። “ዛሬ ምንም አልታየም” የሚለው ማስታወሻ ግን በመዝገቡ ውስጥ ሙሉ ዋጋ አለው።

ወደ ሩቅ አገር መሄድ ለማይችል ሰውም ድርሻ አለው። ጫጩቶች ወደ ባሕር የሚመሩት በሌሊት ብሩህና ዝቅ ብሎ በሚታየው አድማስ ነው። በተፈጥሮ ይህ የባሕሩ አድማስ ሲሆን፣ የሆቴልና የመኖሪያ ቤት መብራት ግን ወደ መንገድና ወደ መኪና ጎማ ይመራቸዋል። ስለዚህ የፍሎሪዳ ባለሙያዎች ከዳርቻ የሚታዩ መብራቶች ዝቅ ብለው የተተከሉ፣ የተሸፈኑና የሞገድ ርዝመታቸው ከ560 ናኖሜትር የሚበልጥ፣ ማለትም ወደ ብርቱካናማና ቀይ የሚያደሉ እንዲሆኑ ይመክራሉ። በመራቢያው ወቅት በባሕር ዳር የሚዝናና ቤተሰብ ከመሄዱ በፊት ልጆች የቆፈሩትን ጉድጓድ ቢደፍን፣ ወንበርና ጥላውን ቢያነሣ፣ ማታም የመስኮቱን መጋረጃ ቢዘጋ፣ በዚያች ሌሊት እናት ኤሊ ያለ እንቅፋት ወጥታ ትመለሳለች። በማግስቱ ማለዳ የሚመጣው ቆጣሪም በመዝገቡ ላይ አንድ ጎጆ ይጨምራል።